ስለ ተመለሰው ክብደት

በአገራችን ሰው በሩቅ ቆይቶ ወደ ወገኑ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚመለከተው ሰውነቱን ነው። ፊቱ ወዝ አውጥቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ የመጣ እንደ ሆነ «እሰይ፣ አገሩ ተስማምቶሃል» ይሉታል፤ ከስቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን ከንፈር ይመጠጥለታል። ይህ ልማድ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ረኀብን ደጋግሞ ባየ አገር የሰውነት መሙላት የጥጋብና የጤና ምስክር ሆኖ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንኳ፣ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የከሱት 22 በመቶ ሲሆኑ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ «ወፈርሽ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ምርቃት ሆኖ ቢኖር አያስደንቅም።

በእኅታችን ላይ የደረሰው ነገር ግን ይህን ምርቃት ሌላ መልክ ሰጠው። እኅታችን በአዲስ አበባ ትኖር በነበረ ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ክብደቷ 118 ኪሎ ደርሶ፣ የስኳር በሽታ ይዟት፣ ጕልበቷም ደረጃ መውጣት አልችል ብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 78 ኪሎ ሆነች፤ የስኳሩንም መድኃኒት ሐኪሙ አቆመላት። በ2014 ዓ.ም.፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተመሠረተበት ዓመት፣ እናታችንን ለመርዳት ወደ ተወለድንበት ወደ ሸኮ በመጣች ጊዜ ግን ያያት ሁሉ ደነገጠ። «ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?» ያሏት ባልቴቶች ጥቂቶች አይደሉም። በሽታዋ ምን እንደ ሆነ በሹክሹክታ የጠየቁም ነበሩ፤ በቅርብ ዘመን መክሳት የአንድ አስፈሪ ሕመም ሌላ ስሙ ነበርና። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ሲመለስባት፣ በገበያም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም የሚያገኛት ሰው «ተመስገን፣ አሁን ገና መልክሽ ተመለሰ!» ይላት ጀመር። ሐኪም አይቶ የሚያዝንበትን ነገር መንደሩ በእልልታ ተቀበለው።

በዚያ ሁሉ ምርቃት መካከል ምን ያህል ብቻዋን እንደ ነበረች የምናውቅ እኛ የቤት ሰዎቿ ነን፤ ይህንም የምንጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ ይህን ሕክምና ያደረጉ ብዙዎች አሉ። ክብደታቸው በቀነሰ ጊዜ ፎቶግራፋቸው ለዘመድ ሁሉ ይላካል፤ በተመለሰ ጊዜ ግን ነገሩ በጓዳ ይደበቃል። በጓዳ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ሐኪም አያገኝም።

ስለ ሕክምናው ጥቂት እንናገር። በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ ከአራት እጅ ሦስቱን፣ እንዲያውም አልፎ ወደ 80 በመቶ የሚደርሰውን ክፍል የሚያወጣ ነው። የሚቀረው ጨጓራ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ በሚዛንና በቴፒ ገበያ ተከምሮ ከምናየው ሙዝ የአንዱን ቅርጽ የመሰለ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ከጨጓራው ራስ በኩል 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ፣ የቡና ስኒ ግማሽ የማታኽል ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ማገናኘት ነው። የዚህ መንገድ ጀማሪ በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርስቲ የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1966 ነበር። እኅታችን ያደረገችው ፊተኛውን ነው።

ጨጓራ ማጠር ብቻውን ሰውን አያከሳም። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ፤ ይህም በአብዛኛው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል እየመነጨ ረኀብን ለአንጎል የሚያስታውቅ ነው። ያ ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ የረኀብ ድምፅ ዝም ይላል። እኅታችን በመጀመሪያው ዓመት «ምግብ መኖሩን እረሳዋለሁ» ትለን ነበር። ዳሩ ግን ሰውነት የለመደውን ክብደት በቀላሉ አይረሳም። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ረኀቡ ቀስ እያለ ድምፁን ያሰማል፤ የከሳውም አካል ከቀድሞው ያነሰ ነዳጅ እያቃጠለ መኖርን ይለምዳል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን በታየ የመክሳት ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የከሱ ማለት ነው፣ ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ አካላቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ሲያቃጥል ተገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ነው። እንግዲህ ከስቶ የቆየ ሰው ከጎኑ ከተቀመጠው፣ በክብደት እኩያው ከሆነው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ምግብ በልቶ እርሱ ብቻ ቢወፍር ሆዳምነት አይደለም።

በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 2,010 ሰዎችና ያልተደረገላቸውን 2,037 ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ታላቅ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት፣ ከላይ በሁለተኛ ደረጃ በጠቀስነው መንገድ የታከሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህሉን ጣሉ፤ በ10ኛው ዓመት ግን ቅናሹ 25 በመቶ ሆነ። ጠቅላላውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ውስጥ የስኳር በሽታ ከነበረባቸው በ2ኛው ዓመት 72 በመቶው ከበሽታው ነጻ ሆነው ሲገኙ፣ በ10ኛው ዓመት ነጻ ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ነበሩ። ይህም ሆኖ ከታከሙት ወገን የሞተው ሰው ካልታከሙት ያነሰ ነበር። ይህን ቍጥር ያነበብንላት ቀን እኅታችን ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «እንግዲያው በእኔ የተጀመረ አይደለማ» አለች። ጥቂት ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ ነው፤ በእርሷ የተመለሰው ግን ከሚጠበቀው ያለፈ ስለ ነበረ በምን በኩል እንደ ገባ መፈለግ ግድ ሆነ።

የገባው በአብዛኛው በቡናው ረከቦት በኩል ነው።

ሸኮ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ቡና በጫካው ውስጥ ሳይተከል የሚበቅልበት አገር ነው። (ሸኮን ከሸካ ጋር የሚያምታቱ አንባቢዎች አሉ። ሸኮ በቤንች ሸኮ ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ነው፤ ቴፒ ግን በሸካ ዞን ናት።) እንዲህ ባለ አገር ቡና በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አይፈላም። ጧት በቤት፣ ከቀትር በኋላ በጎረቤት ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ፣ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነውና፣ ሁለቱ የቡና ሥርዐት ሲያልቅ 48 ግራም ስኳር ተጠጥቷል፤ ይህም 190 ካሎሪ ያህል ነው። ሰውነት እንደ ሒሳብ መዝገብ ቀጥ ብሎ ባይሄድም፣ በሒሳብ ብቻ ሲታሰብ የአንድ ዓመቱ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ይወጣዋል። ቁርሱን ገና አልቈጠርንም፤ ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ የዳቦው ቁራሽ አለ። በሸኮ ደግሞ ከዛፍ ላይ ቀፎ የወረደ የጫካ ማር በየቤቱ አይጠፋም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ያልፋል።

ነገሩን ያስረዱን የሥነ ምግብ ባለሙያ እንደ ነገሩን፣ የጠበበ ጨጓራ ትልቅ ሳሕን ምግብን ይመልሳል እንጂ ጣፋጭ መጠጥንና በጥቂት በጥቂቱ የሚቆረጠመውን አይመልስም። ሰፋ ያለ ምሳ ቢቀርብላት እኅታችን በአራተኛው ጉርሻ ላይ ትጠግባለች፤ ማዕዱን ያየ ሁሉ «ይህች ሴት እኮ አትበላም» ይላል፤ እርሷም አልበላሁም ብላ በእውነት ታምናለች። ከምሳ እስከ እራት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ የገባውን የሚቈጥር ግን የለም። ቡና ደግሞ ማኅበር ነው፤ ብዙ ቀን ተለይታ የኖረች ሴት ወደ አገሯ ተመልሳ ከጎረቤት ቡና መቅረት እንዴት ይቻላታል?

ሁለተኛው ምክንያት የምድራችን ምግብ ነው። ጎደሬ፣ ቆጮ፣ ቦዬ፣ የበቆሎ ቂጣ እጅግ የተወደዱ ናቸው፤ ገበሬውን ከንጋት እስከ ማታ የሚያቆሙትም እነርሱ ናቸው። ዳሩ ግን አብዛኛው ሀብታቸው ስታርች ነው፤ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው። ሰፊ ጨጓራ ያለው ሰው ጎደሬውንም አደንጓሬውንም ጐመኑንም አንድ ላይ ይይዛል። የሙዝ ያህል ጨጓራ ያለው ሰው ግን ሁለት ቁራሽ ጎደሬ ከበላ በኋላ ለአደንጓሬው ቦታ የለውም፤ በሁለት ሰዓትም ውስጥ ይርበዋል። ፕሮቲን ያላገኘ አካል ደግሞ ሲከሳ ጡንቻውን ይጥላል፤ ጡንቻ ሲጐድል ነዳጅ የሚያቃጥለው ምድጃ ያንሳል። እኅታችን በአዲስ አበባ ሳለች ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር ብንል አንዋሽም፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችበት ቤት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቀጠሮ አልሰጣትም፤ በእጇ የቀረው በሁለት ገጽ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ዝርዝር ላይ ጎደሬ የሚባል ቃል አልነበረም። ከሚዛን እስከ አዲስ አበባ ያለውም መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ክብደቷ 99 ኪሎ ሆኖ ነበር። እኅታችንም የተመለሰውን ሥጋ እንደ ኃጢአት ቈጥራ ራሷን ልትቀጣው ተነሣች። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ እርሷ ግን በጾሙ ላይ የራሷን ሕግ ጨመረችበት። ውሎዋን ያለ እህል ያለ ውኃ ታሳልፋለች፤ ቅዳሴ ካለቀም በኋላ አትቀምስም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቂት ጎደሬ በሻይ በልታ ትተኛለች። ብዙ ሰዓት ባዶ የዋለ ጨጓራ በጥድፊያ የገባበትን አልቀበልም አለና ታስመልስ ጀመር። ስንጠይቃት «ምንም አይደለም፤ ጾሙ ነው» ትላለች። በደብረ ዘይት እሑድ በቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለች እግሮቿ ደነዘዙ፤ መሬቱን እንደማትረግጥ ሆነች። በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፋ ወጣች፤ በማግሥቱም ወደ ሚዛን ይዘናት ሄድን።

ያየቻት ወጣት ሐኪም አስቀድማ የጠየቀቻት ስለ ክብደቷ አልነበረም። «እትዬ፣ ያስመልስዎታል? ስንት ሳምንት ሆነው?» አለቻት። መልሱን እንደ ሰማች ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ቪታሚን ቢ አንድ በመርፌ ሰጠቻት። ምክንያቱንም አስረዳችን። ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ለሳምንታት ደጋግሞ ካስመለሰው ያ ቪታሚን ከሰውነቱ ያልቃል፤ ነርቭም ይጐዳል፤ ቪታሚኑ ሳይሰጥ ግሉኮስ በደም ሥር የገባ እንደ ሆነ ጉዳቱ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ይህን ለይተን የምንጽፈው፣ አንባቢያችን ከቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረው ለሐኪም «ጨጓራዋን ተቆርጣለች» ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲናገር ነው። የደሙ ምርመራ ሲመጣ ቪታሚን ቢ 12ም ብረትም ጐድለው ተገኙ፤ ስኳሩ ተመልሶ ነበር። እኅታችን ያለቀሰችው በእግሯ መደንዘዝ ሳይሆን ይህን በሰማች ጊዜ ነው። አባታችንን የቀበርነው በዚሁ በሽታ ነውና።

ከሐኪሟ ቀጥላ የሄደችው ወደ ንስሐ አባታችን ነው። እርሳቸውም የቆየ ትሕትና ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ካህን ናቸው። ነገሩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ይህን የጨመርሽውን ሕግ ማን ሰጠሽ?» ብለው ጠየቋት። መልስ አልነበራትም። በፍትሐ ነገሥትም ቢሆን ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛው እንደ ጤነኛው እንዳልተቈጠረ አስረዷት። እስክትድን ድረስ በሐኪሟ ቃል እንድትበላ፣ እንቁላልና ወተትም ቢሆን እንድትቀበል፣ በዚያ ፈንታ የምትጸልየውን ነግረው ሰደዷት። በሌላው ዓመት ጾሙን በጾም ምግብ ጠብቃለች፤ ሰዓቱን ግን በአባታችን ፈቃድ አትቈጥርም፤ ከመድኃኒቷ ጋር ጧት ትቀምሳለች። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይህን ያወቀ ሰው ጥቂት ተነጋግሮ ነበር፤ ኋላ ተወው።

የሥነ ምግብ ባለሙያው በስልክ ያዘዙላት ነገር በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ነው። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ታግኝ፤ በማዕድ ላይ ፕሮቲን ያለበትን አስቀድማ ትብላ፤ ከምግብ ጋር አትጠጣ፣ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ትቆይ፤ ሦስት ጊዜ ትብላ፣ በመካከል አትቆርጥም፤ ቪታሚኗን አታቋርጥ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ 9 ግራም ያህል አለው። በጾም ቀን 60 ግራም መሙላት እንዴት አድካሚ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ወፍራም ሽሮ፣ ምስር፣ የተቀቀለ አደንጓሬ፣ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ በትንሽ ሳሕን ካልሆነ በቀር አይሞላም። ለውዝም ይረዳል፤ ነገር ግን ዘይቱ ብዙ ስለ ሆነ በእፍኝ አይዘገንም።

ከባዱ የምግቡ ዓይነት አይደለም፤ «በሞቴ» የሚለው ቃል ነው። እናታችን የሸኮ ተወላጅ ናቸው፤ አሁን ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ከሳሕኗ ላይ ስታስቀር ማየት ለእርሳቸው ሐዘን ነው። ሳሕኑን መልሰው ወደ እርሷ ይገፉታል፤ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከሆስፒታል በመጣች በሳምንቱ እኅታችን የተዘረጋውን እጅ ይዛ «እማዬ፣ ጉርሻሽን እምቢ አላልኩም፤ ግን እንጀራውን ትተሽ አደንጓሬውን አጉርሺኝ» አለቻቸው። እናታችን እጃቸውን ተመለከቱ፤ የያዙትን ለእኛ አጐረሱንና አደንጓሬውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አጐረሷት። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ጉርሻ አልቀረም፤ ውስጡ ተለወጠ እንጂ። በሕፃንነታችን እንበላበት የነበረውንም ትንሽ የቆርቆሮ ሳሕን ከሣጥን አውጥተው የእርሷ አደረጉት።

የጽዋው ማኅበር ነገር ሌላ ነው። እኅታችን በየወሩ በ21 ቀን የሚጠጣ የእመቤታችን ማኅበር አላት፤ ባለ ተራዋ የቻለችውን ሁሉ ታቀርባለች፤ ያላነሣ ሰው ንቀት ያሳየ ይመስላል። ጠላና ጠጅም ይቀርባል፤ ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው ግን ጠጅ ከሌላው ሰው ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደሙ ይገባል። ሁለት ወር ያህል ከማኅበሩ ቀረች። በሦስተኛው ወር የማኅበሩ ሙሴ ቤታችን ድረስ መጥተው ጠየቋት፤ እርሷም ነገሩን አልሸሸገችም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሴው ከጸሎት በኋላ ተነሥተው «በዚህ ማኅበር እንግዲህ ማንም ማንንም በሞቴ ብሎ አያስጨንቅ፤ የጽዋው በረከት በአንድ ጉርሻ ይገኛል» ብለው ተቀመጡ። ስሟን አላነሡም። ከዚያ በኋላ ስኳር በሽታ እንዳለባቸው እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩ ሁለት ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ መሰማታቸውን እኅታችን በደስታ ትተርካለች።

ስለ ቡናው ደግሞ መፍትሔው ከእናታችን ማሰሮ ተገኘ። በሸኮና በቤንች አገር ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣ ጨሞ የሚባል መጠጥ አለ። የሚሠራውም ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ወይም ተቆልቶ ይወቀጣል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ሚጥሚጣና ጨው ይገባበታል፤ በማሰሮ ፈልቶ በቅል ይጠጣል። ስኳር አይነካውም። ወጣቶቹ የድኻ መጠጥ ነው እያሉ ወደ ለስላሳው ጠርሙስ ዘወር ካሉ ቆይተዋል፤ እኛ ግን በዚህ ረገድ የአያቶቻችን ወገን ነን። እኅታችን ሚጥሚጣውን አስቀንሳ፣ ከጎደሬ ጋር መጠጣቱንም ትታ በሰዓቱ ለብቻው ትጠጣዋለች። በጎረቤት ቡና ላይም ከመቀመጥ አልቀረችም፤ አቦሉን በጨው ወይም እንዲያው ባዶውን ትጠጣለች፤ ቶናና በረካ ሲቀዳ ስኒዋን ትደፋለች። ጨዋታው ግን እስከ በረካ ድረስ የእርሷ ነው።

ስለሚሸጡት የማክሻ ሻዮች አንድ ቃል ተናግረን እንለፍ፤ ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ከሰውነት የሚያወጡት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ከነዚህ ለይተን የምንጠቅሰው ሐኪሞች በመርፌ የሚሰጧቸውን አዲሶቹን መድኃኒቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሴማግሉታይድ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት ሕክምና ተፈቅዷል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ለተመለሰባቸውም ሐኪሞች ያዝዙታል። ጨጓራው የሰፋ ወይም የተበላሸ መሆኑን በመሣሪያ አይቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበትም ጊዜ አለ። እኅታችን በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄዳ በመሣሪያ ታይታለች፤ ጨጓራዋ ደኅና ነው ተብላ ተመለሰች። መድኃኒቱን ዋጋው ስላልተቻለ አልጀመረችም።

የምትመዘነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጧት ነው። መጀመሪያ በቤት ሚዛን ስላልነበረን፣ ቡና በሚረከቡበት መጋዘን ውስጥ ባለው ባስኩላ ላይ፣ ሠራተኛው ጆንያ ሊያነሣ ሲወጣ ቶሎ ብላ ትቆም ነበር። (የከተማችን ስም ሚዛን ሆኖ በቤታችን ሚዛን አለመኖሩ ያስቀን ነበር።) ኋላ ከቴፒ አንድ ትንሽ ሚዛን ተገዛ። ቍጥሩን በደብተር ትጽፋለች፤ ከቍጥሩም አጠገብ ያን ሳምንት የሆነውን በአጭሩ ታስታውሳለች፤ «ለቅሶ ነበር»፣ «ቡና ለቀማ»፣ «እንቅልፍ የለም» ይላል። ደብተሩን ስንመለከት ክብደቷ ከፍ ያለባቸው ሳምንታት ከድግሱ ይልቅ እንቅልፍ ያጣችባቸው ሆነው አገኘናቸው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ግን፣ ቅርጫት በወገቧ ታጥቃ ከዛፍ ዛፍ ስትመላለስ ስለምትውል፣ ቍጥሩ ሳትጨነቅበት ይወርዳል። ጡንቻዋም እንዲበረታ ሐኪሟ ስለ መከረቻት በሌላው ወራት ውኃውን ከምንጭ የምታመጣው እርሷ ሆናለች።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ሁለት ኪሎ ተመለሰባት። የቀደመውን ዓመት ያየን እኛ ምን ታደርግ ይሆን ብለን ፈራን። ሰኞ ጧት ተነሥታ በቆርቆሮ ሳሕኗ እንቁላል በላች፤ ቪታሚኗን ዋጠች፤ በደብተሯም ላይ «ፋሲካ» ብላ ጽፋ ወደ ውኃው ሄደች። ሁለቱ ኪሎ ለመውረድ አምስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ዛሬ ክብደቷ 87 ኪሎ ነው። ወደ 78 እንድትመለስ ሐኪሟ አላዘዘቻትም፤ የምትከታተለው ስኳሩን ነው፤ ለእርሱም በቀን አንድ ክኒን ትወስዳለች። የእግሯ መደንዘዝ ከቁርጭምጭሚት በታች ጥቂት ቀርቷል፤ ረጅም ቅዳሴ ሲሆን ትቀመጣለች። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ በሚመጣው ወር ነው። እናታችንም ዘንድሮ በጓሮ ከበቆሎው መካከል አደንጓሬውን ሁለት መስመር ጨምረው ዘርተዋል።